የፓላዲኑ ሕግ ስለ ምርኮኛው ምን ይላል?

ረዘም ያለ ጽሑፍ ነው፤ ሻይ ይዛችሁ ተቀመጡ። ነገሩ ስለ አንድ የጠረጴዛ ላይ ጨዋታ ነው፤ ጨዋታውን ሰምቶት ለማያውቅ ሰውም እንዲገባ አድርጌ ለመጻፍ ሞክሬያለሁ። ዓመቶቹ በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ዳንጀንስ ኤንድ ድራጎንስ በ1974 ሲወጣ ሦስት ቀጫጭን መጻሕፍት የያዘች አንዲት ካርቶን ነበረች። በመጀመሪያ የታተመው 1,000 ቅጂ ብቻ ነው። ደራሲዎቹ ጋሪ ጋይጋክስና ዴቭ አርነሰን ይባላሉ። ጋይጋክስ በኢንሹራንስ ድርጅት ይሠራ የነበረ፣ ያ ሥራ ሲቀርበት ጫማ እየጠገነ ቤተሰቡን ያስተዳደረ፣ በዊስኮንሲን ግዛት ሌክ ጄኔቫ በምትባል ትንሽ ከተማ ይኖር የነበረ ሰው ነው። አጨዋወቱ እንዲህ ነው፦ ጓደኛሞች ጠረጴዛ ከበው ይቀመጣሉ። አንዱ ዳኛም ተራኪም ይሆናል፤ ሌሎቹ እያንዳንዳቸው አንድ ገጸ ባሕርይ ይፈጥራሉ፣ ተዋጊ ወይ አስማተኛ ወይ ካህን። ዳኛው «ዋሻው ጨለማ ነው፤ ከውስጥ የሚያለቅስ ድምፅ ይሰማል፤ ምን ታደርጋላችሁ?» ይላል። ተጫዋቾቹ የሚያደርጉትን ይናገራሉ፣ መሳካት አለመሳካቱን ዳይስ ይወስናል። በቃ ይኼው ነው። እንደ ዳማ አሸናፊና ተሸናፊ የለውም።

በ1975 ጋይጋክስ ከሮብ ኩንትዝ ጋር ሆኖ «ግሬይሆክ» የሚባል ተጨማሪ መጽሐፍ አወጣ። ፓላዲን የሚባለው መንፈሳዊ ፈረሰኛ እዚህ ውስጥ ነው የተወለደው። ቃሉ ራሱ ከሮም ይመጣል። ፓላቲን ከተባለው ኮረብታ፣ የንጉሠ ነገሥቱ ቤተ መንግሥት ከነበረበት፣ «የቤተ መንግሥት ሰው» ለማለት ነው። በኋላ የሻርለማኝ አሥራ ሁለት ምርጥ ፈረሰኞች መጠሪያ ሆነ። ለጋይጋክስ ግን በቅርብ የደረሰው በፖል አንደርሰን ልብ ወለድ በኩል ነው፣ በ1961 በመጽሐፍ በታተመው «ሦስት ልብና ሦስት አንበሳ» በሚለው። አንድ ዴንማርካዊ መሐንዲስ በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ሲዋጋ ይመታና ራሱን በሌላ ዓለም ያገኘዋል፤ ሕግና ትርምስ የሚዋጉበት ዓለም ነው። እዚያ ጦር፣ ጋሻና ፈረስ ይጠብቁታል፤ ቀስ በቀስ እሱ ራሱ ከሻርለማኝ ፈረሰኞች አንዱ እንደነበረ ይረዳል። ጋይጋክስ በ1979 ጨዋታውን ያነቃቁለትን መጻሕፍት ሲዘረዝር ይህንንም አስገብቶታል። ቅዱስ ጊዮርጊስንና ቅዱስ መርቆሬዎስን በፈረስ ላይ ተቀምጠው እያየ ላደገ የእኛ ሰው የጦረኛና የቅድስና መገናኘት እንግዳ ነገር አይደለም።

እንግዲህ የ1975ቱ ፓላዲን ምን ይችል ነበር? እጁን ጭኖ ይፈውሳል። በሽታ አይዘውም። ልዩ የጦር ፈረስ ይመጣለታል። ይህ ሁሉ በነፃ አይሰጥም። አንደኛ ግርማ ሞገሱ 17 ወይም ከዚያ በላይ መሆን አለበት። ባለ ስድስት ገጽ ዳይስ ሦስት ጊዜ ስትጥሉ ሊወጡ ከሚችሉት 216 ውጤቶች 17 ወይም 18 የሚሰጡት አራቱ ብቻ ናቸው፤ ማለትም ከ54 ሰው አንዱ። (የሒሳብ መምህራን ጓደኞቼ እንዳታርሙኝ፣ ቆጥሬዋለሁ።) ሁለተኛ ከጅምሩ የሕግ ወገን መሆን አለበት። አንድ የትርምስ ሥራ ከሠራ ፓላዲንነቱ እዚያው ይገፈፋል፣ ደግሞም አይመለስም። ሦስተኛ ከመሣሪያው ውጭ ከአራት በላይ አስማታዊ ዕቃ መያዝ አይችልም። ያገኘውን ሀብት ለራሱ፣ ለሰዎቹና ለአንዲት መጠነኛ ግንብ ከሚበቃው በቀር ለድሆች ወይም ለእምነት ተቋም መስጠት አለበት።

እኔን የሚያስቀኝ ከዚህ ቀጥሎ ያለው ነው፤ ስጦታው ለሌላ ተጫዋች ገጸ ባሕርይ መሆን የለበትም ይላል። ያቺ ዓረፍተ ነገር ለምን እንደገባች ለመገመት ነቢይ መሆን አያስፈልግም። «እኔ መንኛለሁ፣ ወርቁን ግን ለጓደኛዬ ሰጥቻለሁ» የሚል ተጫዋች ሊመጣ እንደሚችል ጋይጋክስ ያውቃል። እሱ የጦርነት ጨዋታ ሰው ነው፤ ኃይል ሁሉ ዋጋ አለው ብሎ ነው የሚያስበው። የፓላዲኑ ድህነት ጸሎት ሳይሆን ሒሳብ ነው። ጠንካራ ነህ? እንግዲያውስ ክፈል።

በ1978 ሕጉ ተብራርቶ ወጣ፤ በእኔ እምነት በጣም የታሰበበት የዚህ ዘመን ሕግ ነው። ፓላዲን የሚሆነው ሰው ብቻ ነው፤ ኤልፍም ድዋርፍም አይሆንም። አቋሙ ሕግ አክባሪና ደግ መሆን አለበት። የአስማት ዕቃው ቢበዛ አሥር ነው፦ አንድ ጥሩር፣ አንድ ጋሻ፣ አራት መሣሪያ፣ አራት ሌላ ነገር። ከሚያገኘው ገቢ ሁሉ አሥራት ያወጣል። ጥፋት ደግሞ ለሁለት ተከፈለ። አውቆ የትርምስ ሥራ ከሠራ ከፍ ያለ ደረጃ ካለው ካህን ዘንድ ሄዶ ይናዘዛል፣ ቀኖና ይቀበላል፣ ይመለሳል። አውቆና ፈቅዶ ክፋት ከሠራ ግን ለዘላለም ተራ ተዋጊ ሆኖ ይቀራል። ንስሐና ቀኖና ምን እንደሆነ ለእኛ ማስረዳት አያስፈልግም። የሚገርመው ይህ መጽሐፍ ከወጣ ከጥቂት ዓመታት በኋላ በአሜሪካ ጨዋታው የሰይጣን ነው የሚል ከፍተኛ ዘመቻ መነሳቱ ነው። በ1985 «ሲክስቲ ሚኒትስ» የተባለው የቴሌቪዥን ፕሮግራም ሳይቀር አነሳው። ዘማቾቹ ኑዛዜና አሥራት በደንብ የተጻፈበትን ገጽ ያነበቡት አይመስለኝም።

በጠረጴዛው ዙሪያ ግን ይህ ሕግ ጠብ አመጣ። የ1978ቱ ፓላዲን ከክፉ ሰው ጋር መጓዝ አይችልም፤ በቋሚነት የሚተባበረው እንደሱ ደግ ከሆኑት ጋር ብቻ ነው። ሌባ የሚባለው መደብ በዚያው መጽሐፍ ሕግ አክባሪ ደግ መሆን አይችልም። ስለዚህ አንድ ልጅ ፓላዲን ከመረጠ ለጓደኞቹም መረጠላቸው ማለት ነው፤ ሌባ መሆን የፈለገው ልጅ ወይ ይተዋል ወይ ይደበቃል። ሁለተኛው ጠብ ከዳኛው ጋር ነው። ጥፋት ነው አይደለም ብሎ የሚፈርደው ዳኛው ስለሆነ ወጥመድ ማጥመድ ይችላል። ገዳዮች በር ላይ ቆመው «ሕፃኑ የት ነው?» ብለው ይጠይቃሉ። ከዋሸህ ሕግ አፈረስክ፤ እውነቱን ከተናገርክ ሕፃኑ ይሞታል። እንዲህ ዓይነት ዳኛ አጋጥሟችሁ ከሆነ አዝናለሁ።

ስለ ውሸቱ ብዙ ተጽፏል፣ እዚያ ላይ አልቆይም። ከቀድሞ ተማሪዎቼ አንዱ፣ አሁን አብረን የምንጫወት፣ የጠየቀኝ ጥያቄ ይበልጣል። «ቲቸር፣ ጎብሊኖቹ እጃቸውን ከሰጡ በኋላ ፓላዲኑ ሊገድላቸው ይችላል?» አለኝ። መጽሐፎቹን አገላበጥኩ። የ1975ቱም የ1978ቱም የፓላዲን ደንብ ስንት ሰይፍ እንደሚይዝ፣ ስንት ብር እንደሚሰጥ፣ ከማን ጋር እንደሚበላ ይነግርሃል። ስለ ምርኮኛው ግን አንድ መስመር የለውም።

ይህን ዝምታ ጋይጋክስ አልፈጠረውም። የእውነቱን መንፈሳዊ ፈረሰኞች ደንብ ያነበበ ሰው ያውቀዋል።

ቴምፕላሮች በ1119 አካባቢ በኢየሩሳሌም ተመሠረቱ። በ1129 በፈረንሳይዋ ትሯ ከተማ በተደረገ ጉባኤ ደንብ ተሰጣቸው፤ የክሌርቮው በርናርድ ከጀርባው ነበረበት። የላቲኑ ደንብ 72 አንቀጽ አለው፤ በኋላ በፈረንሳይኛ እየተጨመረበት ከ600 በላይ ሆኗል። ምን ይላል? ሁለት ሁለት ሆነው ከአንድ ሳህን ይብሉ። ሥጋ በሳምንት ሦስት ቀን። ልጓም ላይና እርካብ ላይ ወርቅና ብር አይታይ። ሹል ጫፍ ያለው ጫማና የጫማ ማሰሪያ ክልክል ነው። ያለ ፈቃድ የሚቆለፍ ሻንጣ የለም። ከቤተሰብ የመጣ ደብዳቤ በአለቃው ፊት ይነበባል። ሴት መሳም ክልክል ነው፣ እናትም ብትሆን። አደን ክልክል ነው፣ አንበሳ ሲቀር። የጫማ ማሰሪያውን ያሰበው ሰው ምን ያህል ዝርዝር ውስጥ እንደገባ አስቡት።

ቅጣቱም እንደ 1978ቱ ሕግ በደረጃ የተከፋፈለ ነው። ከበድ ያለ ጥፋት የሠራ ወንድም ነጭ ካባውን ለአንድ ዓመት ከአንድ ቀን ሊያጣ ይችላል፤ በዚያ ጊዜ መሬት ተቀምጦ ይበላል፣ ከዚያ ይመለሳል። የከፋው ጥፋት ደግሞ ለዘላለም ያስባርራል፤ «ቤቱን ማጣት» ይሉታል። ከሚያስባርሩት መካከል ስርቆት፣ የጉባኤን ምስጢር ማውጣት፣ ዓርማ ጥሎ መሸሽ፣ ከግንቡ ከበሩ ውጭ በሌላ ቦታ መውጣት አለበት። አንዱ ደግሞ ሰው መግደል ነው። ግን እንዴት እንደተጻፈ ተመልከቱ፦ ክርስቲያን ወንድ ወይም ክርስቲያን ሴት የገደለ ይባረር ነው የሚለው። አንዷ ቅጽል ሥራዋን ሠርታለች። በርናርድም ለዚህ ቀድሞ ምክንያቱን ጽፎ ነበር፤ አዲሱን የፈረሰኞች ማኅበር ባወደሰበት ጽሑፉ ክፉን የሚገድል ፈረሰኛ ነፍሰ ገዳይ ሳይሆን ክፋትን ገዳይ ነው የሚል መከራከሪያ አቅርቧል። ሰውየው ከሰውነት ወጥቶ «ክፋት» ሆነ ማለት ነው። በጨዋታው ደግሞ ፓላዲኑ በ60 ጫማ ርቀት ክፋትን የማወቅ ኃይል አለው፤ ጎብሊን ሲወለድ ጀምሮ በመጽሐፉ ላይ ክፉ ተብሎ ተመዝግቧል።

ጋይጋክስ የቴምፕላሮችን ደንብ አይቶ ቀዳ እያልኩ አይደለም። የምለው ሁለቱም ደንቦች ፈረሰኛውን ከወንድሞቹ፣ ከአለቃውና ከንብረቱ ጋር ጥብቅ አድርገው አስረውታል፤ ጠላቱ ጋ ሲደርስ ግን ልጓሙን ለቀቁለት።

እንዲያውም ጠላቱ ራሱ ሲፈጠር የምናይበት ቦታ አለ። የሻርለማኝ ፈረሰኛ ሮላን በ778 በሮንስቮ ተራራ መተላለፊያ ሲሞት የኋላ ጦሩን ያጠቁት ባስኮች ነበሩ፤ የሻርለማኝን ታሪክ የጻፈው አይንሃርድም ባስኮች መሆናቸውን ነው የሚናገረው። ከሦስት መቶ ዓመት በኋላ፣ በ1100 አካባቢ፣ ታሪኩ ረጅም ግጥም ሲሆን ባስኮቹ ጠፍተው ሙስሊሞች ሆኑ። የመስቀል ጦርነት ዘመን ስለሆነ ግጥሙ የሚፈልገው ጠላት ሌላ ነበር። የታሪክ ተማሪዎቼ፣ ስለ ምንጭና ስለ ዘመን ርቀት ክፍል ውስጥ የምለፋው ለዚህ ነው።

ፍርዱ ሚዛናዊ እንዲሆን ግን ሌላም ምስክር ልጥራ። ኡሳማ ኢብን ሙንቂዝ በ12ኛው ክፍለ ዘመን የኖረ ሙስሊም የሶርያ መኳንንት ልጅ ነው። በማስታወሻው እንደጻፈው ኢየሩሳሌም ሲመጣ አል አቅሳን የያዙት ቴምፕላሮች ጓደኞቹ ነበሩ፤ ከጎኑ ያለች ትንሽ ቦታ ይለቁለትና ይሰግድ ነበር። አንድ ቀን ከአውሮፓ አዲስ የመጣ ፈረንጅ ይዞት ፊቱን ወደ ምሥራቅ አዞረው፣ «እንዲህ ነው የሚጸለየው» ብሎ። ቴምፕላሮቹ ጎትተው አስወጡት። ሰውየው ተመልሶ መጣ፤ እንደገና አስወጡት፤ ኡሳማንም ገና ከአገሩ የመጣ ነው ብለው ይቅርታ ጠየቁት። ይህን ያስደረጋቸው ከ72ቱ አንቀጾች የትኛው ነው? አንዱም አይደለም። ሰውየውን ያውቁት ስለነበር ነው።

ወደ ጋይጋክስ ልመለስ። በ2005 በኢንተርኔት የአድናቂዎቹን ጥያቄ ሲመልስ ይኸው የምርኮኛ ጉዳይ ተነሳ። መልሱ ግልጽ ነበር። ፓላዲን እጁን የሰጠን ክፉ ሊገድል ይችላል፤ እንዲያውም ምርኮኛው ክፋቱን ክዶ ወደ ደጉ ወገን ከተመለሰ በኋላ፣ ዳግም ሳይሳሳት፣ ወደ ሽልማቱ ሊሸኘው ይችላል አለ። ክፉ ስለሆኑ ሕፃናትም ሲነሳ የቅጫምና የቅማል አባባል ይሠራል አለ፦ ቅጫም ነገ ቅማል ነው።

ያ አባባል ባለቤት አለው። በአሜሪካ ታሪክ የሚያያዘው ከኮሎኔል ጆን ቺቪንግተን ጋር ነው። ቺቪንግተን ወታደር ከመሆኑ በፊት የሜቶዲስት ሰባኪ ነበር። ኅዳር 29 ቀን 1864 (በእነሱ ኖቬምበር) በኮሎራዶ ሳንድ ክሪክ የነበረውን የሻየንና የአራፓሆ ሰዎች ሰፈር አጠቃ። የሰፈሩ ሰዎች በሠራዊቱ ጥበቃ ሥር ነን ብለው አምነው ነበር፤ አለቃቸው ብላክ ኬትል የአሜሪካን ባንዲራ ሰቅሎ ነበር። የተገደሉት በአብዛኛው ሴቶች፣ ሕፃናትና ሽማግሌዎች ናቸው። ጋይጋክስ የቺቪንግተንን ስም ያውቃል፤ በዚያው ውይይት አንስቶታል። ይህን የመጀመሪያው ያለው እሱ አይደለም፣ የሚታይ እውነት ነው ብሎ ነው ያለፈው።

ጋይጋክስን ጭራቅ ለማድረግ አይደለም ይህን የምጽፈው። ለልጅነታችንም ለትልቅነታችንም ደስታ የሰጠን ሰው ነው፤ የሚናገረውም ስለ ምናባዊ ፍጥረት ነው። ነገር ግን አሥራቱን በመቶኛ አስልቶ የጻፈ ሰው፣ ለሳተ ፓላዲን የንስሐ መንገድ የከፈተ ሰው፣ ምርኮኛው ንስሐ ሲገባ የሚሰጠው ሰይፍ ነው። ንስሐው ለአንዱ በር፣ ለሌላው መቃብር ሆነ። ይህ በሕጉ ላይ የተፈጠረ ስህተት ቢሆን ኖሮ ቀላል ነበር። ሕጉ እንደተጻፈው ነው የተተረጎመው።

(መምህር ስለሆንኩ ሳላነሳው ማለፍ አልቻልኩም። ብዙ የትምህርት ቤት መተዳደሪያ ደንብ አንብቤያለሁ። የፀጉር ርዝመት አለ፣ የዩኒፎርም ቀለም አለ፣ ስንት ደቂቃ ማርፈድ እንደሚያስቀጣ አለ። ብቻውን የሚቀመጠውን ልጅ ስለሚያሾፉበት ልጆች ብዙውን ጊዜ የምታገኙት «ጨዋነት የጎደለው ድርጊት» የሚል አንድ ሐረግ ነው። የሚቆጠረውን መጻፍ ይቀላል።)

ከዚህ የወጣ ሰው በዚያው በ1980ዎቹ ነበር። ግሬግ ስታፎርድ በ1985 «ፔንድራጎን» የሚል የንጉሥ አርተር ዘመን ጨዋታ አወጣ። ስታፎርድ ፓላዲን የሚባል መደብ አልፈጠረም፤ ሁሉም ተጫዋች ፈረሰኛ ነው። ክልከላም አልዘረዘረም። ለእያንዳንዱ ፈረሰኛ 13 ጥንድ ጠባያት ሰጠው፦ ለጋስና ስስታም፣ ሐቀኛና አታላይ፣ ትሑትና ትዕቢተኛ፣ መሐሪና ጨካኝ፣ ጀግናና ፈሪ እያለ ይቀጥላል። የእያንዳንዱ ጥንድ ድምር 20 ነው፤ ምሕረትህ 13 ከሆነ ጭካኔህ 7 ነው። ፈተና ሲመጣ ባለ 20 ገጽ ዳይስ ትጥላለህ። የምታደርገው ነገር ቁጥሩን ከፍ ወይም ዝቅ ያደርገዋል፤ ደጋግሞ የማረከ ሰው መሐሪ ይሆናል፣ ደጋግሞ የጨፈጨፈም እንዲሁ ጨካኝ። አንዱ ጠባይ 16 ከደረሰ ደግሞ ተጫዋቹ ባይፈልግም ጠባዩ ይጎትተዋል። በለጋስነቱ የታወቀ ፈረሰኛ ወርቁን መያዝ እያማረው ዳይሱ እጁን ሊያስዘረጋው ይችላል።

ከ13ቱ መካከል ስድስቱ ተመርጠው ይደመራሉ፦ ትጋት፣ ልግስና፣ ፍትሕ፣ ምሕረት፣ ትሕትና፣ ጀግንነት። ድምራቸው 80 ከደረሰ ፈረሰኛው የጨዋነት ክብር ያገኛል፣ ክብሩም እንደ ተጨማሪ ጥሩር ሆኖ ከሰይፍ ይጠብቀዋል። ምሕረት እዚህ ውስጥ ተቆጥሮ ገብቷል። በጠላት ላይ ያደረግኸው ነገር ወረቀትህ ላይ ቁጥር ሆኖ ይቀመጣል። እኔ ያየሁት የመጀመሪያው የምርኮኛው ድርሻ ያለበት የፈረሰኛ ሒሳብ ይህ ነው፤ ካጫወታችሁኝ ይህን እመርጣለሁ።

ትልቁ ጨዋታ ቀስ ብሎ ነው የተለወጠው። በ2000 የወጣው ሦስተኛው እትም የ17ቱን ግርማ ሞገስና «ሰው ብቻ» የሚለውን አነሳ። ሕጉ ግን ቀረ፦ አትዋሽ፣ አታጭበርብር፣ መርዝ አትጠቀም፣ ሕጋዊ ሥልጣንን አክብር፣ የተቸገረን እርዳ፣ ንጹሐንን የሚጎዳውን ቅጣ። አሁንም ስለ መርዝ አለ፣ ስለ ምርኮኛ የለም። የ2008ቱ አራተኛው እትም መውደቅ የሚባለውን ራሱ አስቀረው፤ አንዴ ከተሾምክ ተሾምክ ነው። ይሄኛው ለእኔ ጣዕም የለውም። ሊጠፋ የማይችል ነገር ምን ብለህ ትጠብቀዋለህ?

በ2014 አምስተኛው እትም ሲመጣ ሕጉ ወደ መሐላ ተለወጠ። ሦስት መሐላዎች ቀረቡ፤ ተጫዋቹ ይመርጣል። የታማኝነት መሐላ የማለው ለጠላቱም ምሕረት ሊያሳይ ይገደዳል፣ ያውም በማስተዋል። የበቀል መሐላ የማለው ግን ለክፉዎች ምሕረት የለኝም ብሎ ይምላል። የጥንቶቹ መሐላ የሚባለው ሦስተኛው ስለ ብርሃንና ስለ ሕይወት ውበት ነው፤ ለዚህ ጉዳይ ብዙም አይረዳንም። በርናርድ በወረቀት የጻፈው፣ ጋይጋክስ በዝምታ የተወው ነገር በዚህ እትም በተጫዋቹ አፍ ይነገራል። ሁለቱም ፓላዲኖች አንድ ጠረጴዛ ላይ ሊቀመጡ ይችላሉ። ጎብሊኑ ቢላዋውን መሬት ጥሎ ሲንበረከክ ዳኛው እንደ ድሮው ፍርድ አይሰጥም። ወንበሩን ወደ ኋላ ገፋ አድርጎ ሁለቱ እስኪነጋገሩ ይጠብቃል፤ እስከ ምሽቱ ሦስት ሰዓትም ቢሆን።